ማይሎማ፦ አራት መድኃኒት በወረቀት ወይስ ሦስት መድኃኒት በእጅ?

መልቲፕል ማይሎማ የተባለው የመቅኔ ካንሰር የተገኘበት ሰው ቤተሰብ አንዳንድ ጊዜ ሁለት ወረቀት ይዞ ሐኪም ፊት ይቀርባል። አንደኛው ሆስፒታሉ የሰጠው የሕክምና ዕቅድ ነው። ሁለተኛው ዋሽንግተን ወይም ቶሮንቶ የሚኖር ዘመድ በስልክ ያስጻፈው የመድኃኒት ዝርዝር ነው። በዘመዱ ዝርዝር ላይ አራት ስሞች አሉ፤ በሆስፒታሉ ዕቅድ ላይ ሦስት፣ አንዳንዴም ሁለት ብቻ። «አራተኛው ለምን ቀረብን?» የሚለው ጥያቄ ከዚህ ይነሣል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በሚገባ መመለስም አለበት።

አራተኛው መድኃኒት ከየት እንደመጣ ይታወቃል። በ2024 ፐርሲየስ የተባለው ጥናት ውጤት ታተመ (በተለይ ካልተጠቀሰ በቀር በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። 709 አዲስ ታማሚዎች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። አንዱ ወገን ቦርቴዞሚብ፣ ሌናሊዶማይድና ዴክሳሜታሶን ተሰጠው፤ ለሌላው በእነዚሁ ላይ ዳራቱሙማብ ተጨመረለት። የሁለቱም ወገኖች ዕቅድ የታማሚውን የራሱን ስቴም ሴል (ደም የሚያመነጩ የመቅኔ ሴሎችን) ንቅለ ተከላ ያካትት ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ በሽታው ሳይባባስባቸው በሕይወት የነበሩት ከአራት መድኃኒት ወሳጆች 84.3 በመቶ፣ ከሦስት መድኃኒት ወሳጆች ደግሞ 67.7 በመቶ ሆኑ። ይህ ትልቅ ልዩነት ነው። በአሜሪካና በአውሮፓ ያሉ ሐኪሞች ወደ አራቱ ጥምረት መሄዳቸው ተገቢ ነው።

ከዚህ ተነሥቶ «መድኃኒት በበዛ ቁጥር ዕድሜ ይረዝማል» ማለት ግን ስህተት ነው። የማይሎማ ሕክምና ታሪክ ይህን ሐሳብ ለሠላሳ ዓመት ያህል ሞክሮት ከሽፎበታል። ዕድሜን የቀጠሉት በተለያየ መንገድ የሚገድሉ መድኃኒቶች ሳይቋረጡ አብረው የተሰጡባቸው ጥምረቶች ናቸው። ለኢትዮጵያዊ ታማሚ የሚበጀውን ስናስብም መነሻችን ይህ ሊሆን ይገባል ብዬ አምናለሁ።

የወገብ ሕመም የሚመስል ካንሰር

በመቅኔ ውስጥ ፕላዝማ ሴል የሚባሉ ሴሎች አሉ፤ ሥራቸው ተሕዋስያንን የሚዋጉ ፀረ እንግዳ አካላትን ማምረት ነው። ማይሎማ የሚጀምረው ከእነዚህ አንዷ ሴል ከቁጥጥር ወጥታ ራሷን ስታባዛ ነው። የተባዙት ሴሎች ለምንም የማይጠቅም አንድ ዓይነት ፕሮቲን ያመርታሉ። ፕሮቲኑ ኩላሊትን ይደፍናል፤ የሴሎቹ ብዛት ቀይ ደም የሚመረትበትን ቦታ ይሻማል፤ አጥንትን የሚያፈርሱ ሴሎች ይቀሰቀሳሉ፤ ከፈረሰው አጥንት የሚወጣው ካልሲየም ደም ውስጥ ይበዛል። በ2020 በዓለም ዙሪያ 176 ሺህ ያህል ሰዎች ይህ በሽታ እንዳለባቸው ታውቋል፤ 117 ሺህ ያህል ደግሞ በዚሁ በሽታ ሞተዋል።

ታማሚው ወደ ጤና ተቋም የሚሄደው አብዛኛውን ጊዜ ወገቡን ወይም ጎኑን አሞት ነው። በአገራችን ደግሞ የወገብ ሕመም ላለበት ሰው ቶሎ የሚደርስለት የዲክሎፌናክ መርፌ ነው። ሕመሙ ለጥቂት ቀናት ጋብ ይልና ይመለሳል፤ መርፌውም ይደገማል። እዚህ ላይ ጉዳቱ ድርብ ነው። ጊዜ ከማለፉ በላይ ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን የመሳሰሉ ማስታገሻዎች በማይሎማ ፕሮቲን የተጨናነቀን ኩላሊት ጨርሰው ሊያደክሙት ይችላሉ። የአከርካሪ አጥንቱ ሲፈርስ በራጅ ከታየም የሳንባ ነቀርሳ በብዛት ባለበት አገር የሐኪሙ የመጀመሪያ ጥርጣሬ የአከርካሪ ነቀርሳ መሆኑ አይገርምም። ኢኤስአር የተባለው ርካሽ የደም ምርመራ በሁለቱም በሽታዎች ከ100 በላይ ሊወጣ ስለሚችል ብቻውን አይለያቸውም።

የሚለዩ ምልክቶች ግን በተራ ላቦራቶሪም ይገኛሉ። ጠቅላላ የደም ፕሮቲን ከፍ ብሎ አልቡሚን ዝቅ ካለ፣ ዕድሜው ከ50 ያለፈ ሰው ያለ ግልጽ ምክንያት ደሙ ካነሰ፣ ከዚህም ጋር ኩላሊቱ ከደከመ ማይሎማን መጠርጠር የግድ ነው። በሽንት ውስጥ የሚነከረው የፕሮቲን መለኪያ ወረቀት የሚያየው አልቡሚንን ነው፤ ለንደናዊው ሐኪም ሄንሪ ቤንስ ጆንስ በ1840ዎቹ የገለጸው የማይሎማ ፕሮቲን ያልፈዋል። ስለዚህ «ሽንቱ ንጹሕ ነው» የሚል ውጤት ማይሎማን አይሽርም። ማረጋገጫው የደም ፕሮቲንን በኤሌክትሮፎረሲስ መለየትና የመቅኔ ናሙና ማየት ነው።

ይህን ያነሣሁት ለጥምር ሕክምናው ወሳኝ ስለሆነ ነው። ኩላሊቱ ደክሞ የመጣ ሰውና ኩላሊቱ ደህና ሆኖ የመጣ ሰው አንድ ዓይነት ምርጫ የላቸውም።

ሠላሳ ዓመት በአንድ በር

በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ መጀመሪያ ለማይሎማ ይሰጥ የነበረው መድኃኒት ኡሬታን ይባላል። በ1966 አሜሪካ ውስጥ 83 ታማሚዎች በዕጣ ተከፍለው ለአንዱ ወገን ኡሬታን፣ ለሌላው የቼሪና የኮላ ጣዕም ያለው ሽሮፕ ተሰጠ። ኡሬታን የተሻለ ነገር አላመጣም፤ እንዲያውም የወሰዱት ቀድመው ሞቱ። ሐኪሞች ለሃያ ዓመት ያህል በቅንነት ሲያዝዙት የኖሩት መድኃኒት ከጣፋጭ ውኃ የማይሻል ሆኖ ተገኘ። ውጤታማ የሚመስል ሕክምና ሁሉ በዕጣ መፈተን እንዳለበት ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላውቅም።

የመጀመሪያው እውነተኛ መድኃኒት ሜልፋላን ነው። በ1958 የሶቭየት ሐኪሞች፣ በ1962 ደግሞ አሜሪካውያን ጥቅሙን አሳዩ። በ1969 ሬይመንድ አሌክሳኒያንና ባልደረቦቹ ሜልፋላን ላይ ፕሬድኒሶን ሲጨመር ታማሚዎች በአማካይ ስድስት ወር ያህል ተጨማሪ ዕድሜ እንደሚያገኙ አሳወቁ። ይህ የማይሎማ የመጀመሪያው የተሳካ ጥምረት ሲሆን፣ በክኒን የሚዋጥ፣ ርካሽና ቀላል ነበር።

ከዚያ በኋላ የመጣው የመደርደር ዘመን ነው። ሜልፋላን፣ ሳይክሎፎስፋማይድ፣ ካርመስቲን፣ ቪንክሪስቲንና ፕሬድኒሶን፣ አምስቱ አንድ ላይ ተሰጡ። በ1980ዎቹ ቪንክሪስቲንና ዶክሶሩቢሲን ለአራት ቀን ያለ ማቋረጥ በደም ሥር እየተንጠባጠቡ ዴክሳሜታሶን የሚታከልበት ዘዴ ተስፋፋ። የመድኃኒቱ ብዛት፣ የአልጋው ቀን፣ ወጪው፣ የማቅለሽለሹና የፀጉር መርገፉ ሁሉ ጨመረ። ዕድሜስ? በ1998 የ27 ጥናቶች 6,633 ታማሚዎች መረጃ ተሰብስቦ ተመረመረ። በሽታው በመድኃኒት የቀነሰላቸው ሰዎች ቁጥር በብዙ መድኃኒት 60 በመቶ፣ በሜልፋላንና ፕሬድኒሶን 53 በመቶ ነበር። በሕይወት በመቆየት ረገድ ግን በሁለቱ መካከል ልዩነት አልተገኘም።

ምክንያቱን ዛሬ በግልጽ ማየት ይቻላል። ሜልፋላን፣ ሳይክሎፎስፋማይድና ካርመስቲን ሦስቱም የሴሉን ዲኤንኤ በተመሳሳይ መንገድ የሚጎዱ ዘመዳሞች ናቸው። አንዷ የካንሰር ሴል ከሜልፋላን ማምለጫ ካገኘች ከሌሎቹም ለማምለጥ ብዙ አይቸግራትም። ጉዳታቸውም ይደራረባል፤ ሁሉም መቅኔን ስለሚመቱ አንዱ በተጨመረ ቁጥር የሌላው መጠን መቀነስ አለበት። በመጨረሻ ታማሚው የሚያገኘው የአምስት መድኃኒት ድካምና የአንድ መድኃኒት ጥቅም ይሆናል።

የተለያየ መንገድ

ለውጡ የመጣው ማንም ካልጠበቀው አቅጣጫ ነው። ታሊዶማይድ በ1957 በምዕራብ ጀርመን እንደ እንቅልፍ መድኃኒት ለገበያ ቀርቦ ከአሥር ሺህ በላይ ሕፃናት እጅና እግራቸው ሳይሟላ እንዲወለዱ ያደረገ፣ በ1961 መጨረሻ ከገበያ የተነሣ መድኃኒት ነው። በ1964 ኢየሩሳሌም ውስጥ ያዕቆብ ሼስኪን የተባለ ሐኪም ለሥጋ ደዌ ታማሚዎች ከባድ የቆዳ ቁስለት እንደሚረዳ ስላስተዋለ ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። በ1999 አርካንሳስ ውስጥ ሌላ ሕክምና ሁሉ ላልሠራላቸው 84 የማይሎማ ታማሚዎች ተሰጠና 32 በመቶው ላይ በሽታው ቀነሰ። ሜልፋላንን የለመደ ካንሰር ለታሊዶማይድ ተበገረ ማለት ነው። ለምን እንደሚሠራ የታወቀው ዘግይቶ ነው። ሴሬብሎን ከተባለ ፕሮቲን ጋር ተጣብቆ የካንሰሩ ሴል ለሕልውናው የሚያስፈልጉትን ሁለት ፕሮቲኖች ራሱ እንዲያጠፋ ያደርገዋል። ሌናሊዶማይድ የዚህ መድኃኒት የተሻሻለ ልጅ ነው፤ እንደ አባቱ ሁሉ ነፍሰ ጡር ሴት አጠገብ መድረስ የለበትም።

ሁለተኛው መንገድ ቦርቴዞሚብ ነው፤ አሜሪካ በ2003 ፈቀደችው። ፕላዝማ ሴል ሌት ተቀን ፕሮቲን የሚያመርት ሴል ነው፤ የተበላሸውን ፕሮቲን የሚፈጭለት ፕሮቲአሶም የሚባል ክፍል አለው። ቦርቴዞሚብ ይህን ክፍል ይዘጋዋል። ቆሻሻው የማይነሣለት ሰፈር ነዋሪውን እንደሚያስለቅቅ ሁሉ ሴሉም በገዛ ምርቱ ታፍኖ ይሞታል። ከጤነኛ ሴሎች ይልቅ የማይሎማ ሴል የሚጎዳበት ምክንያት ብዙ ማምረቱ ራሱ ነው። ሦስተኛው መንገድ ዳራቱሙማብ ነው። ሲዲ38 የተባለውን በፕላዝማ ሴል ገጽ ላይ በብዛት የሚገኝ ምልክት ይዞ የሰውነት መከላከያ ኃይል እንዲያጠቃው ይጠቁማል።

አሁን ማነጻጸር ይቻላል። በሜልፋላንና ፕሬድኒሶን ላይ ዘመዶቹ ሲጨመሩ ዕድሜ አልተቀጠለም፤ ቦርቴዞሚብ ሲጨመርስ? ቪስታ በተባለው ጥናት 682 ንቅለ ተከላ የማይደረግላቸው ታማሚዎች ተሳተፉ። በሕይወት የቆዩበት ጊዜ መካከለኛው በሁለቱ መድኃኒቶች 43.1 ወር፣ በሦስቱ 56.4 ወር ሆነ። የተጨመረው አንድ መድኃኒት ነው፤ የተገኘው ግን ከአንድ ዓመት በላይ ዕድሜ ነው። በ2017 የታተመ ሌላ ጥናትም ሌናሊዶማይድና ዴክሳሜታሶን ላይ ቦርቴዞሚብ ሲጨመር መካከለኛው ዕድሜ ከ64 ወደ 75 ወር ከፍ ማለቱን አሳየ። የተለያየ መንገድ ያላቸው ሦስት መድኃኒቶች የዓለም መደበኛ ሕክምና የሆኑት በእነዚህ ውጤቶች ነው።

ከመጠን ጋር በተያያዘ አንድ ጥናት በተለይ ሊታወስ ይገባል። 445 ታማሚዎች ሌናሊዶማይድ ተሰጥቷቸው ለግማሾቹ ዴክሳሜታሶን በከፍተኛ መጠን፣ ለግማሾቹ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ 40 ሚሊግራም ታዘዘ። ከፍተኛው መጠን ካንሰሩን ቶሎ ቀነሰ። ከአንድ ዓመት በኋላ ግን በሕይወት የነበሩት በከፍተኛው መጠን 87 በመቶ፣ በዝቅተኛው 96 በመቶ ነበሩ። ካንሰሩን የበለጠ የመታው መጠን ሰውንም የበለጠ ጎዳ። «ጠንከር ያለ መድኃኒት ይሰጠን» የሚል ቤተሰብ ይህን ውጤት ቢያውቅ እወዳለሁ፤ ሐኪምም ሲያስረዳ ቢጠቀምበት።

ታማሚው የሚፈራው ነገርም መታረም አለበት። «ኬሞ» ሲባል በሰው አእምሮ የሚመጣው የረገፈ ፀጉርና የማያቆም ትውከት ነው። ቦርቴዞሚብ፣ ሌናሊዶማይድና ዳራቱሙማብ በዚያ ዓይነቱ የካንሰር መድኃኒት ውስጥ አይመደቡም፤ አብዛኛውን ጊዜ ፀጉር አያረግፉም። ብዙ ታማሚዎች ከመርፌው በኋላ በእግራቸው ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ።

ንቅለ ተከላውን በአጭሩ

ከጥምር ሕክምናው በኋላ ከፍተኛ መጠን ያለው ሜልፋላን ሰጥቶ ታማሚውን በራሱ ስቴም ሴል መልሶ ማቋቋም ከ1990ዎቹ ጀምሮ ለበሽታው ዋና መሣሪያ ሆኗል። ዛሬም በሽታው የሚቆምበትን ጊዜ በእርግጥ ያራዝማል። ነገር ግን 700 ሰዎች በተሳተፉበት የፈረንሳይ ጥናት ሦስቱን አዳዲስ መድኃኒቶች ብቻ የወሰዱና ንቅለ ተከላ የተጨመረላቸው ታማሚዎች ከአራት ዓመት በኋላ በሕይወት የመኖር ዕድላቸው እኩል ሆኖ ተገኝቷል፤ 82 እና 81 በመቶ። ንቅለ ተከላ ያላገኘ ኢትዮጵያዊ ታማሚ ተስፋው እንደተቆረጠ አድርጎ ራሱን ማየት የለበትም። ወደ ሕንድ ወይም ወደ ቱርክ ለመሄድ ቤቱን ሊሸጥ የተነሣ ሰው ይህን ቁጥር ከሐኪሙ ጋር ቁጭ ብሎ ሊነጋገርበት ይገባል።

ወደፊት ሊሠራ የሚችለውን ደግሞ አልጄሪያ አሳይታለች። ኦራን ከተማ ያለ ሆስፒታል ከ2009 ጀምሮ ስቴም ሴሉን በከፍተኛ ቅዝቃዜ ሳያስቀምጥ፣ በተራ ማቀዝቀዣ በ4 ዲግሪ ለጥቂት ቀናት ብቻ አቆይቶ ለማይሎማ ታማሚዎች ይመልሳል። ውድ የቅዝቃዜ መሣሪያ ሳይገዛ ሥራው ይጀመራል ማለት ነው።

እዚህ ምን ይቻላል?

በኢትዮጵያ የደም ካንሰር ሕክምና ዋና ማዕከል ጥቁር አንበሳ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ነው፤ ጎንደር፣ ጅማና ሐዋሳን በመሳሰሉ የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎችም የካንሰር ሕክምና ተስፋፍቷል። በእኔ ግምት ለአገራችን ሁኔታ በጣም የሚስማማው ጥምረት ቦርቴዞሚብ፣ ሳይክሎፎስፋማይድና ዴክሳሜታሶን ነው። ሳይክሎፎስፋማይድ ለጡት ካንሰርና ለሊምፎማ ስለሚያስፈልግ በካንሰር ማዕከላት የቆየ ርካሽ መድኃኒት ነው። ቦርቴዞሚብ ደግሞ ኩላሊቱ ለደከመ ሰው መጠኑ ሳይቀነስ ይሰጣል፤ ኩላሊቱን መልሶ የማዳን ዕድልም አለው። ዘግይተው፣ ኩላሊታቸው ተጎድቶ ለሚመጡ ታማሚዎች ከዚህ የሚበልጥ መነሻ አይታየኝም። የኩላሊት እጥበት በየሳምንቱ ስንት እንደሚያስወጣ የሚያውቅ ቤተሰብ ይህን ለመረዳት ብዙ ቃል አይፈልግም።

ዋናው እንቅፋት ዋጋ ነው፤ ግን የተወሰነው ዋጋ የሚባክነው ብልቃጥ ውስጥ ነው። አንድ የቦርቴዞሚብ ብልቃጥ 3.5 ሚሊግራም ይይዛል። የተለመደው መጠን በአንድ ካሬ ሜትር የሰውነት ስፋት 1.3 ሚሊግራም ስለሆነ ስፋቱ 1.6 ካሬ ሜትር የሆነ ሰው የሚወስደው 2.08 ሚሊግራም ነው። ቀሪው 1.42 ሚሊግራም ብቻውን ከተከፈተ ይጣላል፤ የተበጠበጠው መድኃኒት የሚቆየው ስምንት ሰዓት ነውና። አምስት ተመሳሳይ ታማሚዎች በአንድ ጠዋት ከተቀጠሩ ግን የሚያስፈልጋቸው 10.4 ሚሊግራም ነው፤ ሦስት ብልቃጥ 10.5 ይይዛል። በአምስት ፈንታ ሦስት ብልቃጥ ማለት ነው። ጠባብ ስሌት ነው፤ መርፌ ውስጥ የሚቀረውም አለ። መሥራት ያለበትም በንጹሕ ማዘጋጃ ክፍል በሠለጠነ ፋርማሲስት ነው። ቢሆንም የማይሎማ ታማሚዎችን በሳምንት አንድ ቀን መሰብሰብ ብቻውን ከመድኃኒቱ ወጪ ሲሶ ያህሉን ሊያድን ይችላል። ለዚህ የሚያስፈልገው የቀጠሮ መዝገብና የፋርማሲውና የክፍሉ መስማማት ነው።

በሳምንት አንድ ጊዜ መስጠቱ ሌላም ጥቅም አለው። ቦርቴዞሚብ በሳምንት ሁለት ጊዜ በደም ሥር ሲሰጥ የእግር ነርቭን በብርቱ ይጎዳል። ታማሚው መጀመሪያ ጣቶቹ ይደነዝዙታል፤ ቀጥሎ ሌሊት ሌሊት ውስጥ እግሩ እንደ ፍም ያቃጥለዋል። በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ያውም ከቆዳ ሥር ሲሰጥ ጉዳቱ በግልጽ ይቀንሳል። ከወሎ ወይም ከባሌ መጥቶ ዘመድ ቤት ተጠግቶ ለሚታከም ሰው የጉዞው መቀነስም ቀላል ነገር አይደለም። አንዳንዱ ታማሚ መድኃኒቱ እንዳይቋረጥበት ሰግቶ የእግሩን መቃጠል ይደብቃል። መደበቅ የለበትም፤ በጊዜ ከተነገረ መጠኑን ቀንሶ መቀጠል ይቻላል፤ ከዘገየ ግን ጉዳቱ ላይመለስ ይችላል።

ዴክሳሜታሶንም ርካሽ ቢሆን የራሱ ጣጣ አለው። ሳምንታዊው 40 ሚሊግራም በ4 ሚሊግራም ክኒን አሥር ፍሬ ነው። ፋርማሲው ያለው የ0.5 ሚሊግራም ክኒን ብቻ ከሆነ ግን ታማሚው በአንድ ጠዋት 80 ክኒን መዋጥ አለበት። «ሰማንያ ክኒን» የሚል ማዘዣ ያየ ሰው ስህተት መስሎት ስምንት ቢውጥ አይፈረድበትም። ጥምረቱ ግን በዚያው ፈረሰ። የክኒኑን ጥንካሬ አስተካክሎ መግዛት ትንሽ የሚመስል፣ ብዙ የሚያበላሽና ብዙ የሚያድን ጉዳይ ነው።

በጥምረቱ ዙሪያ ያሉት

ከካንሰሩ ይልቅ በመከላከል ሊቀር በሚችል ነገር ታማሚ ማጣት ያሳዝናል። ቦርቴዞሚብ የሚወስድ ሰው አልማዝ ባለጭራ የመያዝ ዕድሉ ይጨምራል፤ በአንድ ትልቅ ጥናት 13 በመቶው ተይዟል፣ ቦርቴዞሚብ ካልወሰዱት ግን 5 በመቶው ብቻ። በየቀኑ የሚዋጥ አሲክሎቪር ይህን ይከላከላል፤ ዋጋውም ዝቅተኛ ነው። ታሊዶማይድ ወይም ሌናሊዶማይድ ከዴክሳሜታሶን ጋር ሲሰጥ ደም በእግር ሥር ይረጋል፤ አስፕሪን ወይም ጠንከር ያለ ደም ማቅጠኛ እንደ ታማሚው ሁኔታ አብሮ ይታዘዛል። ሄፓታይተስ ቢ በአገራችን ስለማይናቅ ሕክምናው ሳይጀመር መመርመር አለበት፤ ተኝቶ የነበረው ቫይረስ በእነዚህ መድኃኒቶች ሊነቃ ይችላል።

ዞሌድሮኒክ አሲድ የሚባለው የአጥንት መድኃኒት ለብቻው ሊጠቀስ ይገባዋል። በወር አንድ ጊዜ በ15 ደቂቃ ውስጥ በደም ሥር ይሰጣል። በ2010 በታተመ የብሪታንያ ጥናት ከሌላ የአጥንት መድኃኒት ጋር ሲነጻጸር ስብራት ከመቀነሱም በላይ ዕድሜን ከ44.5 ወደ 50 ወር ከፍ አድርጓል። አምስት ወር ተኩል ከአንዳንድ ውድ የካንሰር መድኃኒቶች የሚበልጥ ትርፍ ነው። ከመጀመሩ በፊት ጥርስ መታየት አለበት፤ በሕክምናው መካከል ጥርስ መነቀል መንጋጋን ሊጎዳ ይችላልና። ኩላሊቱ ለደከመ ሰውም ጥንቃቄ ይሻል።

ውኃ ደግሞ አለ። የማይሎማ ፕሮቲን ኩላሊትን እንዳይደፍን ታማሚው፣ ልቡ ከቻለ፣ በቀን እስከ ሦስት ሊትር መጠጣት ይመከራል። የጾም ወራት ሲመጡ ብዙ ታማሚዎች ይህን ያቆማሉ። እስከ ተሲያት በኋላ ምንም ሳይቀምሱ መቆየት ለዚህ ኩላሊት አደገኛ ነው፤ ረመዳንም እንዲሁ። ቤተ ክርስቲያንም እስልምናም ለሕመምተኛ ፈቃድ አላቸው። ነገር ግን ታማሚው ከነርስ ሲሰማውና ከንስሐ አባቱ ወይም ከሼኩ አፍ ሲሰማው አንድ አይደለም። ሐኪሞች ቀጠሮ ሲሰጡ «አባን አማክረው» ማለትን ቢለምዱ ጥሩ ነው።

ከባሕር ማዶ ላሉት

ማይሎማ በጥቁር አሜሪካውያን ላይ ከነጮች በእጥፍ ያህል ይታያል። በጋና በ917 ወንዶች ላይ የተደረገ ጥናትም የማይሎማ መነሻ የሆነው የደም ፕሮቲን ለውጥ ሚኒሶታ ውስጥ ካሉ ነጮች በእጥፍ እንደሚበዛ አሳይቷል። ስለዚህ አሜሪካ ወይም አውሮፓ ያለ ኢትዮጵያዊ ዕድሜው ከ50 አልፎ የማይለቅ የአጥንት ሕመምና የደም ማነስ ካለው የፕሮቲን ምርመራውን ራሱ ቢጠይቅ መልካም ነው። በአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታሎች፣ ሕክምናው ለሁሉም እኩል በሚደርስበት ሥርዓት፣ ዕድሜያቸው ከ65 በታች የሆኑ ጥቁር ታማሚዎች በሕይወት የቆዩበት ጊዜ 7.07 ዓመት፣ የነጮቹ 5.83 ዓመት ሆኖ ተገኝቷል። በጥቁር ታማሚዎች ላይ የሚታየው የከፋ ውጤት ከደማቸው ይልቅ ከሕክምና አቅርቦት እንደሚመጣ ይህ በቂ ምስክር ይመስለኛል። ያው አቅርቦት እዚህም ዋናው ጥያቄ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ቦርቴዞሚብን፣ ታሊዶማይድንና ሌናሊዶማይድን በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ለማይሎማ አስገብቷል። የቦርቴዞሚብ ቅጂ (ሌላ ኩባንያ የሚያመርተው ተመሳሳይ መድኃኒት) በ2022 አሜሪካ ራሷ ገባ፤ የሌናሊዶማይድ ቅጂም በዚያው ዓመት በተወሰነ መጠን ተፈቅዶ ገደቡ የሚነሣበት ጊዜ ጥር 2026 መጨረሻ እንዲሆን አምራቾቹ ተስማምተዋል። የሕንድ ፋብሪካዎች ከዚያ ብዙ ቀደም ብለው ሲያመርቱት ኖረዋል። በሌላ በኩል ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ መድኃኒት ሁሉ በብር ተወድዷል። ዳራቱሙማብ ከነዚህ ሁሉ ገና በጣም ውዱ ነው። በተወሰነ የውጭ ምንዛሪ ለጥቂት ሰዎች አራተኛውን መድኃኒት ከመግዛት በፊት ለሁሉም ታማሚ ሦስቱን ማሟላት ይቀድማል እላለሁ። ይህን የምለው የአራቱን ጥቅም ሳልክድ ነው።

ማሟላት ስል ደግሞ ሕክምናውን ማስጀመር ብቻ አይደለም። ሁለት ዙር ወስዶ ቦርቴዞሚብ አልቆበት በሳይክሎፎስፋማይድ ብቻ የሚጠብቅ ታማሚ ወደ 1960ዎቹ ሕክምና ተመልሷል ማለት ነው፤ የተረፉት ሴሎች የሚበረቱትም በዚህ ክፍተት ነው። አንድ ሰው በሳምንት አንድ መርፌ፣ በአንድ ዙር አራት፣ በስድስት ዙር 24 መርፌ ያስፈልገዋል። ብልቃጥ በጋራ ከተከፈተ ይህ 15 ብልቃጥ ገደማ ነው። ሆስፒታሎች ታማሚው የመጀመሪያውን መርፌ በሚወጋበት ዕለት እነዚህን 15 ብልቃጦች በስሙ መዝግበው ቢይዙለት፣ ክምችቱ ለአምስት ሰው ከሆነም ለአምስት ሰው ብቻ ጀምረው ስድስተኛውን የሚቀጥለው ጭነት እስኪገባ በታሊዶማይድና ዴክሳሜታሶን ቢያቆዩት፣ ካለው መድኃኒት ላይ አንድ ብልቃጥ እንኳ ሳይጨመር የብዙ ሰው ሕክምና ሳይቋረጥ ይጠናቀቃል።